ከጅዳ እስከ መካ፦ የተሽከርካሪ ኤሲ ጤንነት በሁለት የሙቀት ልዩነቶች ሲለካ

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በተካሄደው የሐጅ ሥነ ሥርዓት ወቅት በመካ ታላቁ መስጂድ የሙቀት መጠኑ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ ባለሥልጣናት ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በሰጡት መግለጫ 1 ሺህ 301 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 83 በመቶ ያህሉ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸውና ረጅም መንገድ ያለ መጠለያና ያለ ዕረፍት በፀሐይ ሥር በእግር የተጓዙ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ቀዝቃዛ ድንኳን፣ ቀዝቃዛ ክፍልና ቀዝቃዛ አውቶቡስ በዚያ ወቅትና በዚያ ስፍራ የምቾት ዕቃዎች ተደርገው ሊታዩ አይችሉም፤ በዕድሜ የገፋውን መንገደኛ በሕይወት የሚያቆዩ ናቸው።

ከኢትዮጵያ የሚሄዱትን ጨምሮ በአየር የሚጓዙ ብዙ ሑጃጆች ሳዑዲ ዓረቢያን የሚረግጡት በጅዳ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ነጫጭ ድንኳኖች በተርታ የተወጠሩ በሚመስለው የሐጅ ተርሚናል ጥላ ሥር ከቆዩ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መካ ያመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የሐረመይን ፈጣን ባቡር የመንገዱን ጫና ቢያቃልልም አውቶቡስ ዛሬም የሐጅ ጉዞ ዋና ተሸካሚ ነው። ወደ ሚና፣ ወደ ዓረፋና ወደ ሙዝደሊፋ በሚደረገው እንቅስቃሴ አውቶቡሱ በሰው ጎርፍ መካከል ሞተሩን እንዳስነሳ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። በውስጡ ሃምሳ ሰው ተቀምጧል እንበል። አንድ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። ጣሪያውን የምትጠብሰው ፀሐይ ሳትቆጠር ተሳፋሪዎቹ ብቻቸውን 5 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ ሆኑ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ኤሲው ሲደክም በሳዑዲ የጋራዥ ሰፈሮች፣ በአገሬው አጠራር በየሰናዒያው፣ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ወንድሜ፣ ትንሽ ፍሪዮን ጨምርበት።» መካኒኩ ሰማያዊና ቀይ ሰዓት ያለውን የግፊት መለኪያ ያገጥማል፤ መርፌዎቹን ያያል፤ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ኤሲው ለጥቂት ቀናት ይሻለዋል፤ አንዳንዴም ብሶበት ይመለሳል። የግፊት መለኪያው ዋሽቶ አይደለም። የተጠየቀው ጥያቄ እሱ ብቻውን ሊመልሰው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ነው። መልሱን የሚሰጡት ግፊትና ሙቀት በአንድነት ተለክተው የሚገኙ ሁለት ልዩነቶች ናቸው። ባለሙያዎች ሱፐርሂትና ሰብኩሊንግ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ትርፍ ሙቀትና ትርፍ ቅዝቃዜ ብንላቸው ከትርጉማቸው አንርቅም።

አንድ መንገድ፣ ሁለት የአየር ጠባይ

ጅዳ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ አየሯ በበጋ በእርጥበት ይከብዳል። መካ በአንጻሩ በድንጋያማ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ደረቅና ነዲድ ከተማ ናት። ይህ ልዩነት ለኤሲ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በጥቂት ቁጥሮች ማሳየት ይቻላል።

በጅዳ አየሩ 35 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነበት ምሽት አንድ ኪሎ ግራም አየር 21 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይዟል። ይህ አየር እስከ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሊሸከም የሚችለው 8 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው 13 ግራም ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከጅዳ መኪኖች ሥር እንደ ትንሽ ምንጭ የሚወርደው ውኃ ይኸው ነው። አየሩን ለማቀዝቀዝ 25 ኪሎጁል ያህል፣ ውኃውን ለመጭመቅ ደግሞ ከ30 ኪሎጁል በላይ ሙቀት መወሰድ አለበት። ከኤሲው ድካም ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ መጭመቅ ላይ ያልቃል ማለት ነው።

በመካ ቀትር ላይ ያለውን የ45 ዲግሪ ደረቅ አየር እንውሰድ፤ እርጥበቱ 15 በመቶ ይሁን። አንድ ኪሎ ግራሙ 9 ግራም ያህል ውኃ ብቻ ስለያዘ በአጠቃላይ 40 ኪሎጁል ያህል ሲወሰድለት 10 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ የ35 ዲግሪው የጅዳ ምሽት ከ45 ዲግሪው የመካ ቀትር ይልቅ በማቀዝቀዣው ክፍል ላይ የከበደ ሸክም ይጭናል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ለማመን ይቸገራሉ፤ ስሌቱ ግን ግልጽ ነው።

መካ ተራዋን የምታስከፍለው በሌላው በኩል ነው። ከተሳፋሪው ክፍል የተወሰደው ሙቀት በኮንደንሰሩ በኩል ወደ ውጭ መጣል አለበት። የውጭው አየር 45 ዲግሪ፣ በአስፋልቱ አጠገብ ደግሞ ከዚያም በላይ ሲሆን ሙቀቱን የሚቀበል ቀዝቃዛ ነገር የለም። ጋዙ ሙቀቱን ለመጣል ከአየሩ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ መብለጥ ይኖርበታል፤ ለዚህም ግፊቱ ወደ ላይ ይወጣል። በጅዳ ማቀዝቀዣው፣ በመካ ሙቀት መጣያው ይፈተናል። ለሁለቱም ከተሞች የሚሠራ «ትክክለኛ ግፊት» የሚባል አንድ ቁጥር የማይኖረውም ለዚህ ነው።

ግፊት የመፍያ ሙቀት ሌላ ስሙ ነው

በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በጅዳ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ፣ በደጋ ባቄላና ምስር ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስዱ የቤት እመቤቶች ከፊዚክስ መጽሐፍ በፊት ያውቁታል። ግፊት ሲቀንስ የመፍያ ሙቀት ይቀንሳል፤ ሲጨምር ይጨምራል። የመኪና ኤሲ በሙሉ የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

በአብዛኞቹ አሁን በመንገድ ላይ ባሉ ተሽከርካሪዎች ውስጥ የሚገኘው ጋዝ አር-134ኤ ነው። በባሕር ወለል ላይ ክፍት ቢተው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። በመለኪያው ላይ 1.9 ባር ግፊት ሲያርፍበት የመፍያ ሙቀቱ 0 ዲግሪ፣ በ2.5 ባር 5 ዲግሪ፣ በ15.8 ባር 60 ዲግሪ፣ በ20 ባር ደግሞ 70 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኮንደንሰር ይሰደዋል፤ እዚያ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ በዳሽቦርዱ ሥር ወይም በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥም ከአየሩ ሙቀት እየወሰደ ይፈላል። ከዚያ እንፋሎቱ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል። በጋራዥ «ጋዝ» የምንለው ነገር ከዑደቱ በከፊሉ ፈሳሽ መሆኑን ማስታወስ ለሚከተለው ሁሉ ቁልፍ ነው።

መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረና ሁሉም ነገር እኩል 30 ዲግሪ ከሆነ መለኪያው 6.7 ባር ያሳያል። በውስጡ 600 ግራም ጋዝ ቢኖርም 6.7 ነው፤ 200 ግራም ብቻ ቢቀርም፣ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ ያው 6.7 ነው። የቆመ ኤሲ ግፊት የአየሩን ሙቀት እንጂ የጋዙን መጠን አይናገርም። «ግፊት አለው፤ ስለዚህ ጋዝ አለው» የሚለው ፍርድ እስከዚህ ድረስ ደካማ ነው።

ሁለቱ ልዩነቶች

ትርፍ ሙቀት ማለት ፈሳሹ ፈልቶ ካለቀ በኋላ እንፋሎቱ ከመፍያ ሙቀቱ በላይ የጨመረው ሙቀት ነው። መካኒኩ ዝቅተኛውን ግፊት ያነባል፤ ከሠንጠረዥ የመፍያ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ከኢቫፖሬተሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ ቴርሞሜትር አስሮ የቱቦውን ሙቀት ይለካል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ግፊቱ 2.5 ባር፣ የመፍያ ሙቀቱ 5 ዲግሪ፣ ቱቦው 11 ዲግሪ ቢሆን ትርፍ ሙቀቱ 6 ነው። ይህ ቁጥር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ኢቫፖሬተሩ በቂ ፈሳሽ ያገኛል ወይ? ልዩነቱ ወደ ዜሮ ከቀረበ ያልፈላ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ኮምፕረሰር ፈሳሽ መጭመቅ አይችልም፤ ፈሳሹ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ቫልቮቹንም ይሰብራል። ልዩነቱ 15 ወይም 20 ከደረሰ ደግሞ ፈሳሹ ገና በመንገድ ላይ አልቆ የኢቫፖሬተሩ ትልቅ ክፍል ደርቆ ቀርቷል። በተጨማሪ ኮምፕረሰሩ የሚቀዘቅዘውና ዘይቱ የሚመለስለት በዚሁ በሚመጣው እንፋሎት ስለሆነ ትኩስ እንፋሎት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ትርፍ ቅዝቃዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። በኮንደንሰሩ ውስጥ እንፋሎቱ ሁሉ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ ፈሳሹ ከመፍያ ሙቀቱ በታች የቀዘቀዘበት መጠን ነው። ከፍተኛው ግፊት 15.8 ባር፣ የመፍያ ሙቀቱ 60 ዲግሪ፣ ከኮንደንሰሩ የሚወጣው የፈሳሽ ቱቦ 53 ዲግሪ ቢሆን ትርፍ ቅዝቃዜው 7 ነው። ጥያቄውም ሌላ ነው፦ በኮንደንሰሩ መጨረሻ በቂ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ወይ? ፈሳሹ ልክ በመፍያ ሙቀቱ ላይ ከሆነ በሞተሩ ሙቀት አጠገብ ሲያልፍ ወይም ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ አረፋ ያወጣል። ኤክስፓንሽን ቫልቩ አረፋ ሲደርሰው ማሳለፍ ከሚገባው ፈሳሽ ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል። በጤናማ መኪና ትርፍ ሙቀቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8፣ ትርፍ ቅዝቃዜው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል፤ የአምራቹ መመሪያ ካለ ግን እሱ ይቀድማል።

ጅዳ ውስጥ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ መካኒክ የዓረብኛው ስያሜ የሚያስገርም ዝምድና አለው። በዓረብኛ የሙያ መጻሕፍት ትርፍ ሙቀት «ተሕሚስ» ይባላል፤ ቃሉ ቡና ለመቁላትም የሚያገለግለው ያው ቃል ነው። ፍሬው በመጀመሪያ እርጥበቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው እሳት ሁሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። እንፋሎቱም እንዲሁ ነው፤ የሚፈላ ፈሳሽ እስካለ ሙቀቱ ባለበት ይቆያል፣ ፈሳሹ ሲያልቅ መቆላት ይጀምራል። «ተብሪድ» የሚለው የማቀዝቀዝ ስያሜም «በረደ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ለሙያው አዲስ የሆነ አማርኛ ተናጋሪ በዓረብኛው መንገድ ቢገባ በእንግሊዝኛው ከሚገባው ይልቅ ቶሎ ሊረዳው ይችላል ማለት ይቻላል።

ቁጥሮቹ ሲነበቡ

በጅዳ ምሽት አንድ መኪና ይመጣል። ዝቅተኛው ግፊት 2 ባር ነው፤ በጋራዥ ቋንቋ 29 ፒኤስአይ። መለኪያውን ብቻ የሚያይ ሰው «ጤነኛ ነው» ብሎ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሄዳል። ሆኖም የመፍያ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የሚመለሰው ቱቦ 19 ዲግሪ ነው፤ ትርፍ ሙቀቱ 18 ሆነ። በሌላው በኩል ግፊቱ 12.2 ባር፣ የመፍያ ሙቀቱ 50፣ የፈሳሹ ቱቦ 49፤ ትርፍ ቅዝቃዜው 1 ብቻ። ኢቫፖሬተሩ ተጠምቷል፤ ኮንደንሰሩም የሚሰጠው ፈሳሽ የለውም። ጋዝ ጎድሏል፤ ጋዝ ከጎደለ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይፈለግ የሚጨመር ጋዝ የባለመኪናውን ገንዘብ ወደ አየር መልቀቅ ነው።

በመካ ቀትር ደግሞ ሌላ መኪና ይመጣል፤ የውጭው አየር 47 ዲግሪ፣ ከፍተኛው ግፊት 22 ባር ነው። ቁጥሩ ያስፈራል፤ በብዙ መኪኖች 30 ባር አካባቢ ሲደርስ የደኅንነት ማጥፊያው ኮምፕረሰሩን ያቆመዋል። ቸኩሎ የሚፈርድ መካኒክ «ጋዝ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ነገር ግን በ22 ባር የመፍያ ሙቀቱ 74 ዲግሪ ያህል ሲሆን የፈሳሹ ቱቦ 67 ነው፤ ትርፍ ቅዝቃዜው 7፣ ትርፍ ሙቀቱም 6። ሁለቱም በቦታቸው ናቸው፤ የጋዙ መጠን ትክክል ነው። የበሽታው ምልክት ሌላ ልዩነት ውስጥ አለ፦ 74 ከ47 ሲቀነስ 27 ነው። ኮንደንሰሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ልዩነት መሥራት ሲገባው 27 አስፈልጎታል፤ አየር አያልፍበትም ማለት ነው። ቀጫጭን ክንፎቹ በአሸዋና በአቧራ ተደፍነዋል፣ ወይም ፋኑ ደክሟል፣ አለዚያም መኪናው ቆሞ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ነው። መድኃኒቱ ውኃና ብሩሽ ወይም አዲስ ፋን ነው። ከዚህ መኪና ጋዝ የቀነሰ ሰው ቀይ ሰዓቱን ያረጋጋል፤ ተሳፋሪው ግን ወደ ሌላ ችግር ይገባል፤ ማታ ጅዳ ሲደርስ ለዚያ ከባድ እርጥበት የሚበቃ ጋዝ በውስጡ የለም።

ሁለቱም ልዩነቶች በአንድነት ከፍ ሲሉ ትርጉሙ ይለወጣል። ፈሳሹ በኮንደንሰሩ ውስጥ ተከማችቷል፤ ኢቫፖሬተሩ ግን አልደረሰውም። በመካከል የተዘጋ ነገር አለ፤ የደፈነው የማድረቂያ ጠርሙስ ወይም ተጣብቆ የቀረ ኤክስፓንሽን ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድነት ዝቅ ካሉ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቶ ወይም ኮምፕረሰሩ መጭመቅ አቅቶት እንደሆነ ይመረመራል። ጋዝ ሲበዛ ትርፍ ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ትርፍ ሙቀቱ ግን ቫልቩ ስለሚቆጣጠረው ብዙ ላይንቀሳቀስ ይችላል።

አየር የገባበት ኤሲ ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ነው። አየሩ ፈሳሽ ስለማይሆን በኮንደንሰሩ ውስጥ የራሱን ግፊት ይጨምራል፤ መካኒኩ ያንን ግፊት ይዞ ሠንጠረዥ ሲያይ ያልነበረ ትርፍ ቅዝቃዜ ያገኛል። ከብዙ ጋዝ የሚለይበት መንገድ ከላይ የተጠቀሰው የሌሊት መለኪያ ነው፦ በ30 ዲግሪ ጠዋት ከ6.7 ባር እጅግ የበለጠ ግፊት ከታየ በውስጡ ንጹሕ አር-134ኤ ብቻ የለም። የተቀላቀለ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ጋዝም እንዲሁ ሠንጠረዡን ዋጋ ያሳጣዋል። ያን ጊዜ በመሣሪያ ስቦ አውጥቶ፣ በቫኪዩም አድርቆ፣ በሚዛን መሙላት እንጂ በቁጥር መጫወት አይሠራም።

መለካትና መሳሳት

ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ልኬቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት በጨረር የሚለካውን ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ላይ ማነጣጠር ነው። አሉሚኒየም የራሱን ሙቀት በደንብ አያንጸባርቅም፤ መሣሪያው የሚያነበው በአብዛኛው የሞተሩን ወይም የሰማዩን ነጸብራቅ ነው። በቱቦው ላይ የሚቆነጥጥ ቴርሞሜትር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ካልተሸፈነ 80 ዲግሪ የደረሰው የሞተር ክፍል አየር ያሞቀዋል። በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ የሦስት ወይም የአራት ዲግሪ ስሕተት ጤናማውን መኪና በሽተኛ ያስመስለዋል።

የመለኪያው መግጠሚያ የት እንዳለም ማየት ያስፈልጋል። በአንዳንድ መኪኖች የከፍተኛው ግፊት መግጠሚያ ከኮንደንሰሩ በፊት ነው። ጋዙ በኮንደንሰሩ ሲያልፍ ጥቂት ግፊት ስለሚያጣ ከፊት የተነበበው ግፊት ትርፍ ቅዝቃዜውን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል። ልኬቱም ኤሲው በተረጋጋበት ሁኔታ መወሰድ አለበት፦ ሞተሩ 1,500 ዙር አካባቢ፣ የውስጥ ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ። የመጭመቅ አቅሙን ራሱ የሚለዋውጥ ዘመናዊ ኮምፕረሰር ያለው መኪና ዝቅተኛውን ግፊት ሆን ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ለብቻው የተነበበ ሰማያዊ ሰዓት በእሱ ላይ ከሌሎቹም ያነሰ ይናገራል።

የአሠራር ልዩነትም አለ። በኤክስፓንሽን ቫልቭ ፋንታ ጠባብ ቋሚ ቀዳዳ ያላቸው መኪኖች ከኢቫፖሬተሩ በኋላ ፈሳሽ የሚያጠራቅም ጣሳ አላቸው፤ ትርፍ ሙቀታቸው ከጣሳው በፊት መለካት ይኖርበታል፤ ከጣሳው በኋላ የሚገኘው ቁጥር ጋዙ በእጅጉ እስኪጎድል ድረስ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ማድረቂያ ጠርሙሳቸው ከኮንደንሰሩ ተለይቶ በተቀመጠ የቆዩ መኪኖች ደግሞ ከጠርሙሱ በሚወጣው ቱቦ ላይ ትርፍ ቅዝቃዜው በጤናም ጊዜ ትንሽ ነው። አንዳንድ አውቶቡሶች የሚጠቀሙበት አር-407ሲ የሦስት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ በአንድ ግፊት ላይ መፍላት የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ሙቀት በአምስት፣ በስድስት ዲግሪ ይለያያል፤ ለትርፍ ሙቀት የመጨረሻው፣ ለትርፍ ቅዝቃዜ የመጀመሪያው ይወሰዳል። ይህን ያላወቀ መካኒክ በአር-134ኤ ሠንጠረዥ የአውቶቡስ ኤሲ ቢመረምር የሚያገኘው ሁሉ የተሳሳተ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ለመኪና ትክክለኛው የጋዝ መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ በሞተሩ ክዳን ሥር የተለጠፈው ወረቀት ግራሙን ይናገራል። ሁለቱ ልዩነቶች የምርመራ መሣሪያዎች ናቸው፤ የት እንደታመመ ያሳያሉ፣ ከጥገና በኋላም መዳኑን ያረጋግጣሉ። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ተገቢ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም አር-134ኤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣውን ያህል ሙቀት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ማሻሻያ የዚህን ዓይነት ጋዞች ምርትና ፍጆታ ቀስ በቀስ ለመቀነስ የወሰነው ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ወዲህ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ውስጥ አር-134ኤን አይፈቅድም። በምትኩ የመጣው አር-1234ዋይኤፍ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ የመለካቱ ዘዴ ግን አልተለወጠም።

የአዲስ አበባው መለኪያ በጅዳ

ሙያውን በአዲስ አበባ ተምሮ በጅዳ ለሚሠራ፣ ወይም በጅዳ ተምሮ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የጋራዥ መለኪያ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት የበለጠበትን ነው። ጅዳ በባሕር ወለል ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ከ0.77 ባር አይበልጥም። በሁለቱ ከተሞች መካከል በመለኪያው ላይ የሩብ ባር ያህል ልዩነት አለ። በጅዳ 1.9 ባር ያነበበ መካኒክ ኢቫፖሬተሩ 0 ዲግሪ እንደሆነ ያውቃል። ያንኑ 1.9 ባር አዲስ አበባ ላይ ካነበበ ኢቫፖሬተሩ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ወርዷል፤ በረዶ ሊይዝም ይችላል። አብዛኛው ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለባሕር ወለል ስለሆነ በደጋ የሚሠራ ሰው በመለኪያው ላይ ሩብ ባር ያህል ቀንሶ ሠንጠረዡን ማየት ይኖርበታል። በቀይ ሰዓት በኩል ይህ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ብዙም አይበልጥም፤ በሰማያዊው በኩል ግን የትርፍ ሙቀቱን ትርጉም የሚለውጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአፋር ቆላ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ኤሲ በደጋ ተለክቶ በቆላ የሚፈተን በመሆኑ ጉዳዩ የጅዳ ብቻ አይደለም።

የሐጅ ወቅት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚወሰን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣል፤ ከበጋው እምብርት ቀስ በቀስ እየራቀ ነው። ያም ሆኖ በመካ በግንቦት ወርም 40 ዲግሪ የሚያልፍ ቀትር የተለመደ ነው፤ ዑምራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ። ለአውቶቡስ ባለቤቶችና ለጥገና ኃላፊዎች የሚበጀው አሠራር እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ጤናማ በሆነበት ቀን አምስት ቁጥሮችን መመዝገብ ነው፦ የውጭው አየር ሙቀት፣ ትርፍ ሙቀት፣ ትርፍ ቅዝቃዜ፣ በኮንደንሰሩ የመፍያ ሙቀትና በውጭው አየር መካከል ያለው ልዩነት፣ ከማራገቢያው የሚወጣው አየር ሙቀት። ጉዞ ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ልኬቱ በዚያው ስፍራና በተቀራራቢ ሰዓት ይደገማል። ትርፍ ቅዝቃዜው ከ7 ወደ 3 ወርዶ፣ ትርፍ ሙቀቱም ከ6 ወደ 11 ወጥቶ ከተገኘ አውቶቡሱ ገና እያቀዘቀዘ ቢሆንም ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ ቀዳዳውን ለመፈለግ ሁለት ሳምንት አለ።